የድራማው ስፌት፣ የክሊፑ ጥልፍ

ዛሬ ማታ ድራማችሁ ሊጀምር ሲል ሁለት ትናንሽ ሳህኖች አቅርቡ። አንዱ ላይ ቆሎ አድርጉ፤ ሌላው ባዶ ይሁን። ሪሞቱም ከእጃችሁ አይራቅ። ለመጀመሪያው ሙከራ የሚያስፈልገው ዕቃ ይኸው ነው፤ ኋላ ላይ ሁለት ኩባያና ስልክ እንጨምራለን።

ድራማው ሲጀምር ምስሉ በተቀየረ ቁጥር አንዲት ፍሬ ቆሎ ከሙሉው ሳህን ወደ ባዶው አሻግሩ። «ምስሉ ተቀየረ» ስል ታሪኩ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ ማለቴ አይደለም። የሴትየዋ ፊት እየታየ ሳለ የሰውየው ፊት ከመጣ፣ አንድ። ከፊቱ ወደ እጁ ከሄደ፣ ሁለት። ክፍሉ በሙሉ ከታየ፣ ሦስት። ባለሙያዎቹ «ካት» ይሉታል።

ብዙም ሳይቆይ ባዶው ሳህን መሙላት ይጀምራል። ትናንትም ከትናንት ወዲያም እነዚያ ካቶች ነበሩ፤ አላያችኋቸውም እንጂ። እስቲ አስቡት፤ በእውነተኛው ሕይወት ሳሎናችሁ በየጥቂት ሴኮንዱ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ቢዘልባችሁ ራሳችሁን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ትሮጡ ነበር። ድራማው እንዲያ እየዘለለ ግን «ልክ እንደ እውነት ነው» እንላለን።

አሁን በማስታወቂያው ሰዓት ወደ ሙዚቃ ጣቢያ ቀይሩ። ክሊፕ ላይ ቆሎ ለማሻገር እጅ አይደርስም። እዚያ ደግሞ መቁረጡን ለመደበቅ የሞከረ ሰው የለም።

ልብስ አሰፍታችሁ የምታውቁ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። የቀሚስ ስፌት ወደ ውስጥ ይገለበጣል፤ ጎበዝ ሰፊ የሚባለው ስፌቱ የማይታይለት ነው። ደረቱ ላይ የሚወርደው ጥልፍ ግን ሊታይ ነው የተጠለፈው። ክሩ ያው ክር፣ መርፌውም ያው መርፌ ነው። ድራማና ክሊፕም እንዲሁ ናቸው። አንድ ዓይነት ካሜራ፣ አንድ ዓይነት የመቁረጫ ኮምፒውተር፣ ብዙ ጊዜም አንድ ዓይነት ባለሙያ ይሠራቸዋል። አንዱ ስፌቱን ወደ ውስጥ ይገለብጣል፣ ሌላው ጥልፉን ወደ ውጭ ያወጣል።

እንግዲህ ልብሱን እንገልብጠው።

ሁለቱን ኩባያዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። እጀታቸው አፍንጫ ይሁንላችሁ። አፍንጫ ለአፍንጫ እንዲተያዩ አድርጉ፤ ሁለት ሰዎች እያወሩ ነው። አሁን ስልካችሁን አንሱና ከራሳችሁ ወገን ሆናችሁ አንደኛውን ለብቻው፣ ሌላውን ለብቻው ፎቶ አንሱ። ፎቶዎቹን አከታትላችሁ እዩ። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይመለከታል። ይነጋገራሉ።

ቀጥሎ የመጀመሪያውን ኩባያ ከራሳችሁ ወገን አንሱት፤ ለሁለተኛው ግን ጠረጴዛውን ዞራችሁ ከማዶ ሆናችሁ አንሱት። ኩባያዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ፎቶዎቹን ስታዩ ግን ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ወሬው ቀርቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆሙ ይመስላሉ።

በሁለቱ ተነጋጋሪዎች መካከል የማይታይ መስመር አለ ማለት ነው። ካሜራው ከመስመሩ በአንደኛው ወገን እስካለ ድረስ እንደ ልቡ ይዘላል፤ ከተሻገረ ተመልካቹ ግራ ይጋባል። እግር ኳስ የምትወዱ ይህንን ሕግ ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። የጨዋታው ዋና ዋና ካሜራዎች በሙሉ በሜዳው አንድ ወገን ናቸው። ቢሻገሩ ወደ ቀኝ ሲያጠቃ የነበረው ቡድን ድንገት ወደ ግራ፣ በገዛ ግቡ ላይ የሚሮጥ ይመስላል።

መስመሩ ካት እንዳይረብሸን ያደርጋል። እንዳናየው የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጠብቁ። መቀመጥ ሲጀምር ከሩቅ ይታያል፤ መቀመጡን ሲጨርስ ከቅርብ። ካቱ የገባው በመካከል፣ ጉልበቱ ገና ሲታጠፍ ነው። ዓይናችን እንቅስቃሴ ሲከተል ሌላውን ይረሳል፤ አዘጋጁም ያቺን የመርሳት ቅጽበት አድብቶ ይጠብቃታል። በር ሲከፈት፣ ሲኒ ሲነሳ፣ ሰው ዞር ሲል ቆሎዋ መንቀሳቀስ አለባት።

ከሁሉ የሚበልጠው መደበቂያ ግን በዓይን የሚታይ አይደለም። ዓይናችሁን ጨፍኑና ድራማውን ለአንድ ደቂቃ አዳምጡት። ካት አለ? የለም። ድምፁ እንደ ወራጅ ውኃ ቀጥ ብሎ ይፈስሳል። የሴትየዋ ንግግር ሳያልቅ የሰውየው ፊት ይመጣል፤ ድምፅዋ በእሱ ፊት ላይ ይቀጥላል። ምስሉ ሲቆረጥ ድምፁ፣ ድምፁ ሲቆረጥ ምስሉ ድልድይ ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ የሚቆረጡበት ቦታ እንደሚመስላችሁ ብዙ አይደለም።

ያ ወራጅ ድምፅም በእጅ የተሠራ ነው። ቀረጻ ላይ ተገኝታችሁ ከሆነ አንድ እንግዳ ነገር አይታችሁ ይሆናል። ትዕይንቱ ከተቀረጸ በኋላ ድምፅ ቀራጩ ሰውን ሁሉ ዝም ያሰኛል። ለግማሽ ደቂቃ ያህል ማንም አይናገርም፣ ማንም አይነቃነቅም። ምንድን ነው የሚቀረጸው? የክፍሉ ዝምታ።

ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለማ። የሳሎናችሁ ዝምታና የመታጠቢያ ቤታችሁ ዝምታ ይለያያሉ፤ በስልካችሁ ቀርጻችሁ በጆሮ ማዳመጫ አወዳድሯቸው። አንዱ የመንገድ ድምፅ በሩቁ አለበት፣ ሌላው ውስጡ ቱቦ ይተነፍሳል። በሁለት ንግግሮች መካከል ባዶ ቦታ ሲፈጠር እውነተኛ ባዶነት ቢገባበት ቴሌቪዥኑ የተበላሸ ይመስላችኋል። ስለዚህ ክፍተቱ በተቀረጸ ዝምታ ይጣፋል።

የቤት ውስጥ ቀረጻ ጠላቱ ደግሞ ፍሪጅ ነው። ሲነሳና ሲያርፍ ድምፁ በአንዱ ምስል ላይ ይኖራል፣ በቀጣዩ ይጠፋል፤ ስፌቱን ያጋልጣል። ስለዚህ ይነቀላል። ነቅሎ መርሳት ደግሞ የባለቤቱን ሥጋ ማበላሸት ነው። ለዚህ በብዙ አገር ያሉ ድምፅ ቀራጮች የሚጠቀሙባት አንዲት ዘዴ አለች፤ እኔ በጣም የምወዳት። የመኪናቸውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ቁልፉን ሳይወስዱ መሄድ አይችሉም፤ ቁልፉን ሲያወጡ ፍሪጁን ይሰካሉ።

የእግር ኮቴ፣ የልብስ ኮሽታ፣ ሲኒ ከሲኒ ሲጋጭ የሚሰማው ድምፅስ? ብዙው ኋላ ላይ፣ በስቱዲዮ የሚጨመር ነው። ይህንን ሙያ በስሙ ያስጠራው በሆሊውድ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ይሠራ የነበረው ጃክ ፎሊ ነው፤ ድምፅ አልባው ፊልም ድምፅ ማውጣት በጀመረበት በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ (እ.ኤ.አ.)። ዛሬም በየአገሩ ሙያው «ፎሊ» ይባላል። በበረዶ ላይ መራመድን ለማሰማት የበቆሎ ስታርች የሞላበት ከረጢት ይጨመቃል። የፈረስ ኮቴ ለሁለት የተከፈለ የኮኮናት ቅርፊት ነው።

እናንተም ማድ ቤት ግቡ። ዘይት አግላችሁ ሽንኩርት ጣል አድርጉበትና ድምፁን በስልክ ቅረጹ። ከዚያ ማድ ቤት ያልነበረ ሰው ጥሩና ዓይኑን ጨፍኖ እንዲሰማ አድርጉ፤ በመስኮት በኩል የተነሣ የደመና ፎቶም ቀድማችሁ አሳዩት። «ዝናብ ነው» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ጆሮ ዓይን ያየውን ያምናል።

ይህ እምነት በቃና ቴሌቪዥን በኩል በየቤታችን ገብቷል። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አመጣልን። የተዋናይዋ ከንፈር ቱርክኛ ይናገራል፤ ጆሯችን አማርኛ ይሰማል። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ከንፈሩ ያስቸግራል፤ ከዚያ ይረሳል። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ንግግሩ ለብቻው፣ ሙዚቃና ሌላው ድምፅ ለብቻው ተለይቶ ይመጣል። ስለዚህ የሻይ ማንኪያው ኢስታንቡል ብርጭቆ ሲነካ የሚሰማችሁ የዚያው የኢስታንቡሉ ድምፅ ሊሆን ይችላል፤ «ስኳር ልጨምርልህ?» የምትለው ግን አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ የቆመች ሴት ናት። በአንድ ብርጭቆ ላይ ሁለት ከተማ ተሰፍቶ እኛ አንድ ሳሎን እናያለን።

ፊትም ይሰፋል። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ያደረገው ሙከራ በፊልም ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይነገራል። ሞዡኪን የተባለውን ተዋናይ ምንም ስሜት የማይነበብበት አንድ ቀረጻ ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከአንዲት ሴት ምስል ጋር አገናኘው። ተመልካቾቹ የተዋናዩን ረሃብ፣ ሐዘንና ፍላጎት አደነቁ ይባላል። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር።

ቤታችሁ ሞክሩት። ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን ምንም ሳያስቡ ለአምስት ሴኮንድ ወደ ግድግዳ እንዲያዩ አድርጋችሁ ቅረጿቸው። በስልኩ መቁረጫ አፕ ያንኑ ፊት አንዴ ከትኩስ ዶሮ ወጥ ቀጥሎ፣ አንዴ ከተዘጋ በር ቀጥሎ አድርጉት። ለጎረቤት አሳዩና ምን እያሰበ እንደሆነ ጠይቁ። አበበ ባልቻ «ሰው ለሰው» ላይ አስናቀን ሆኖ ዝም ብሎ ሲያይ ያስፈራን የነበረው በትልቅ ችሎታው ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ ከፊቱ ቀጥሎ የሚመጣው ምስል ዝምታውን ይተረጉምልን ነበር።

ስፌቱ ተደበቀ እንበል። ድራማው እውነት የሚመስለን ግን በዚህ ብቻ አይደለም።

ምሳ ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ ሲመጣ ጠረጴዛውን እዩ። ብዙ ጊዜ በአንደኛው ወገን ማንም አይቀመጥም። ያ ቦታ የእናንተ ነው፤ ካሜራው እዚያ ነው ያለው። ቤታችሁ ውስጥ እንደዚያ ተደርድሮ ምሳ የሚበላ ሰው አለ?

ሰላምታውንም ልብ በሉ። ሁለት ኢትዮጵያውያን መንገድ ላይ ሲገናኙ ጤናው ይጠየቃል፣ ቤተሰቡ ይጠየቃል፣ ሥራው ይጠየቃል፣ ከዚያ እንደገና ጤናው ይጠየቃል። ስልክ ስንዘጋማ «እሺ፣ በቃ እሺ፣ ሰላም በይልኝ፣ እሺ ቻው፣ ቻው ቻው» ሳንል አንለያይም። የድራማ ሰው ግን የሚፈልገውን ተናግሮ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዘጋዋል። በእውኑ ዓለም እንዲህ ቢያደርግ እናቱ ታኮርፈዋለች። ድራማው እውነቱን በሙሉ ቢያስገባ ግን አንድ ክፍል ሰላምታ ሳይጨርስ ያልቅ ነበር። እውነት መምሰል ማለት ከእውነት መርጦ መጣል ነው፤ እኛም የተጣለውን ላለመጠየቅ ተስማምተናል።

ስምምነቱ ደግሞ በየዘመኑ ይለወጣል። የሚንቀጠቀጥ ካሜራ ለምን እውነት ይመስለናል? ዜና ቀራጭ በግርግር መካከል ካሜራውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲሮጥ ምስሉ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። መንቀጥቀጥ «እዚያ ነበርኩ» ማለት ሆነ፤ ድራማውም ተዋሰው። ማድ ቤታችሁን አንዴ ስልኩን ጣሳ ላይ አስደግፋችሁ፣ አንዴ በእጃችሁ ይዛችሁ ቅረጹና የትኛው «በእውነት የሆነ» እንደሚመስል ለሰው አሳዩ።

ይህ መዋስ አገር ያነጋገረበት አንድ ምሽት አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1966 ቢቢሲ «ካቲ ካም ሆም» የሚል ድራማ አስተላለፈ። ጸሐፊው ጄረሚ ሳንድፎርድ፣ አዘጋጁ ኬን ሎች። ታሪኩ የአንዲት ወጣት ሚስትና የባሏ ነው፤ ከቤት ወደ ባሰ ቤት፣ ከዚያም ወደ መጠለያ እየተገፉ በመጨረሻ ልጆቿ ባቡር ጣቢያ ላይ ከእቅፏ ይወሰዳሉ። ሎች በዚያ ዘመን እንደ ልማዱ ስቱዲዮ ውስጥ ግድግዳ አላቆመም። ቀላሏን ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ካሜራ ይዞ መንገድ ወጣ፤ ተዋናዮቹን ከእውነተኛ ነዋሪዎች ጋር ቀላቀለ፤ በምስሉ ላይም የተራ ሰዎችን ድምፅ ጨመረበት። ወደ 12 ሚሊዮን ሰው አየው። ተመልካቹ ዜና ይሁን ድራማ ለመለየት ተቸገረ፤ የቤት እጦት ጉዳይም በየቤቱ መነጋገሪያ ሆነ።

የዌልሱ ምሁር ሬይመንድ ዊልያምስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለዚሁ ጉዳይ ሲያስተምር ጥያቄውን ከካሜራ አንሥቶ ወደ ሰው አዞረው። እውነታዊ ድራማ የሚባለው ዕቃው እውነተኛ ስለመሰለ ብቻ ሳይሆን ቀድሞ መድረክ ላይ ቦታ ያልነበራቸውን ተራ ሰዎች ስለሚያስገባ፣ ያለንበትን ዘመን ስለሚያነሣ፣ ነገሩ የሚሆንበትን ምክንያትም በሰው ሥራ ውስጥ ስለሚፈልግ ነው አለ።

እኔ ይህንን ካነበብኩ ወዲህ ድራማ ሲጀምር መጀመሪያ የምፈልጋት ቡና የምታቀርበዋን ልጅ ነው። ሰፊ ደረጃ ያለው ቪላ፣ መስታወት ጠረጴዛ፣ በሩ ላይ የቆመ መኪና፤ እሷ ትገባለች፣ ረከቦቱን ታስቀምጣለች፣ ትወጣለች። ስሟ ማን ነው? ከየት መጣች? ማታ የት ትተኛለች? ስልክ የምትደውለው ለማን ነው? መብራቱ፣ ትወናው፣ ስፌቱ ሁሉ አምሮ ልጅቷ ግን ረከቦት ብቻ ከሆነች ድራማው ግማሹን ቤት አላየም። ዛሬ ማታ ለእሷ የተሰጣትን ንግግር ቁጠሩላት፤ ቆሎ እንደሆነ አለ።

አሁን ወደ ክሊፑ እንሂድ።

የመጀመሪያው ልዩነት ዓይን ነው። የድራማ ተዋናይ ሳያስበው ካሜራውን በቀጥታ ካየ ቀረጻው ይደገማል። የክሊፕ ድምፃዊ ግን ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ዓይን ዓይናችሁን ያያችኋል። ድራማ በመስኮት የምታዩት ጎረቤት ነው፤ ክሊፕ ሳሎን ገብቶ ፊት ለፊት የተቀመጠ እንግዳ።

ሁለተኛው፣ በአንድ ስንኝ ውስጥ ልብሱ ሦስት ጊዜ ይቀየራል። «እንዴ፣ ነጠላዋን የት ጣለችው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላውቅም። በድራማ ሸሚዙ ቢቀየር እኮ ቤቱ ሁሉ ይንጫጫ ነበር።

ምሥጢሩ ከቀረጻው በፊት ያለቀው ዘፈን ነው። ድምፃዊዋ ቀረጻ ላይ ብትዘፍንም ባትዘፍንም እኛ የምንሰማው የስቱዲዮውን ነው። ድምፅ ማጉያ ይተከላል፣ ዘፈኑ ይለቀቃል፣ ከንፈሯን ታስኬዳለች፤ ፕሌይባክ ይባላል። ጠዋት እንጦጦ ጫካ ውስጥ፣ ከሰዓት ሐይቅ ዳር፣ ማታ ጥቁር መጋረጃ ፊት፣ ያንኑ ዘፈን ደግማ ደጋግማ።

ከአንድ ምጣድ የወጣ እንጀራ መሶብ ላይ ሲደረደር ጠርዙ እንዴት እንደሚገጥም ታውቃላችሁ። የክሊፕ አርታኢም የእንጦጦውን፣ የሐይቁንና የመጋረጃውን ቀረጻ እንደዚያ ይደራርባቸዋል። ዘፈኑ አንድ ስለሆነ ርዝመታቸው አንድ ነው። የትኛውም ቦታ ላይ ቢወጋቸው በሁሉም ውስጥ ያችኑ ቃል ያገኛል። ስለዚህ «ና» ላይ እንጦጦ፣ «ልቤ» ላይ ሐይቁ፣ አዝማቹ ላይ መጋረጃው ቢሆን ከንፈሩ ከቃሉ አይለይም። በድራማ ጊዜንና ቦታን የሚያያይዘው ታሪኩ ነው፤ በክሊፕ ዘፈኑ።

ከዚህ የባሰ ብልጠት ላሳያችሁ። ነጠላው በዝግታ የሚንሳፈፍበት፣ ጸጉሯ እንደ ውኃ ውስጥ ሣር የሚወዛወዝበት፣ ከንፈሯ ግን ከዘፈኑ ጋር እኩል የሚሄድበት ክሊፕ አይታችሁ ይሆናል። ሁሉ ነገር ከዘገየ ከንፈሩ ለምን አልዘገየም?

ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ለቀውት ነው! አራት ደቂቃ የሚፈጀው በሁለት ደቂቃ ይሮጣል፤ እሷም ከንፈሯን በዚያ ፍጥነት ታስሮጠዋለች። ካሜራው ደግሞ በሴኮንድ 25 ምስል ማንሣቱን ትቶ 50 ያነሣል። ኋላ በ25 ሲታይ ሁሉ ነገር በግማሽ ይዘገያል። የሮጠው ከንፈር ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ነጠላውና ጸጉሩ ግን ድሮም በልካቸው ነበሩና ይንሳፈፋሉ።

ይህንን ልጆች ካሉ ሳትሠሩት አትደሩ። በአንድ ስልክ ዘፈን በሁለት እጥፍ ፍጥነት ልቀቁ፤ ዩቲዩብ ላይ ማስተካከያው አለ። ልጁ ነጠላ ለብሶ እየዞረ ከንፈሩን ያስኪድ። በሌላ ስልክ፣ ከተቻለ በሴኮንድ 60 ምስል፣ ቅረጹት። ከዚያ ቪዲዮውን በግማሽ ፍጥነት አድርጋችሁ ትክክለኛውን ዘፈን ጫኑበት። ሲቀረጽ አይጥ የሚመስለው ልጅ ሲታይ እንደ ንጉሥ ይራመዳል።

አሁን ሪሞቱን አንሡና የክሊፑን ድምፅ አጥፉ። ሰዎች ያለ ምክንያት ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። ድምፁን እንዳጠፋችሁ ከሬድዮ ወይም ከስልክ ሌላ ዘፈን ክፈቱ፤ ችክችካ ቢሆን ይመረጣል። ጥቂት ጠብቁ። ትከሻው ከአዲሱ ዘፈን ምት ጋር መግጠም ይጀምራል! አልገጠመም፤ እናንተ ናችሁ የገጠማችሁት። አእምሯችን በአንድ ቅጽበት የመጣን ድምፅና ምስል ለያይቶ መተው አይሆንለትም። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ሰው ሚሼል ሺዮን ለዚህ ሁለት ቃላትን አጣብቆ አንድ ስም ፈጥሮለታል። ሽንኩርቱን ዝናብ ያደረገውም ይኸው ነው።

አርታኢው ይህንን ስለሚያውቅ ካቱን ምቱ ላይ ያሳርፋል። እያጨበጨባችሁ እዩ። እያንዳንዱ ጭብጨባ ላይ ካት ካለ ዓይን ቶሎ ይደክማል፤ ጎበዙ አንዳንዱን ምት ዘሎ ያስጠብቃችኋል።

ጭፈራ ላይ ግን ይህ መቆራረጥ ያናድደኛል። እስክስታ ከአንገት እስከ ወገብ ያለውን ሰውነት በሙሉ፣ ለረዥም ጊዜ ማየት ይፈልጋል፤ ውበቱ ያለው እየጨመረ በመሄዱ ነው። የጉራጌ ጭፈራ እግሩ ካልታየ ምኑ ታየ? የወላይታው ወገቡ ካልታየስ? አሜሪካዊው ፍሬድ አስቴር ስደንስ ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ፣ ብዙ ሳይቆረጥ ይታይ ብሎ አዘጋጆቹን ይሞግት ነበር። የኛም ተወዛዋዦች ይህ ክብር ይገባቸዋል።

ፊት በቅርብ የሚበዛበትም ምክንያት አለው። የአሜሪካው የሙዚቃ ጣቢያ ኤምቲቪ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1981 ሥርጭት ሲጀምር ክሊፕ የካሴትና የሸክላ ማስታወቂያ ነበር፤ የሚሸጠውም የድምፃዊው ፊት ነው። ሸክላው ቀረ፣ ቪሲዲው ቀረ፤ ፊቱ ቆየ።

ምስሉ ከግጥሙ ጋር ስላለው ዝምድና አንድሩ ጉድዊን የተባለ ጸሐፊ በ1992 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ይጠቅማል። ምስሉ ቃሉን ያሳያል፣ ወይም ያጎላዋል፣ ወይም ጨርሶ ሌላ መንገድ ይሄዳል። የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» የዓድዋን ዘመቻ በዘመኑ ልብስና ጦር መሣሪያ ሲያሳየን ከቃሉ ጋር እየሄደ ነው። ሌላው ክሊፕ «ዓይንሽ» ሲባል ዓይን፣ «ጽጌረዳ» ሲባል ጽጌረዳ ያሳያል።

የኛ ግጥም ግን ሰምና ወርቅ አለው። «እሷ» የተባለችው ፍቅረኛ ልትሆን ትችላለች፣ እናት ልትሆን ትችላለች፣ አገር ልትሆን ትችላለች፤ አድማጩ እንደ ዕድሜውና እንደ ናፍቆቱ ይፈታታል። ገጣሚው በሩን የተወው ሆን ብሎ ነው። ክሊፑ መጥቶ አንዲት ቆንጆ ወጣት አደይ አበባ መካከል ሲያስሮጥ በሩ ይዘጋል። ሰሙ ተቀረጸ፣ ወርቁ ቀረ። ከዚያ በኋላ ዘፈኑን በሬድዮ ስትሰሙት እንኳ የምትመጣው ያቺው ልጅ ናት።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። የምትወዱት ዘፈን አዲስ ከሆነ ክሊፑን ከማየታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። የራሳችሁን ምስል ቀድማችሁ ያዙ። ከዚያ ክሊፑን ስታዩ ወርቁን የጠበቀ አዘጋጅ ማን እንደሆነ ትለያላችሁ፤ ባዶ ወንበር፣ የተከፈተ መስኮት፣ የሚሄድ ባቡር አሳይቶ ማንነቷን ለእናንተ የተወላችሁ እሱ ነው።

የመጨረሻው ሙከራ ሁለቱ የሚገናኙበት ነው። ድራማው ውስጥ ልጁና ልጅቷ ፍቅር ሲጀምራቸው ማጀቢያ ሙዚቃ ይነሣና ሁለት ደቂቃ ያህል ይሄዳሉ፣ ይስቃሉ፣ ማኪያቶ ይጠጣሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸው አይሰማም። ድራማው ክሊፕ ሆነ ማለት ነው፤ ልብስ ቢቀየር ማንም አይጠይቅም። የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» በ1983 (እ.ኤ.አ.) ከዘፈኑ በፊት ታሪክ አስገብቶ ወደ 14 ደቂቃ ከረዘመ ወዲህ ደግሞ ብዙ ክሊፕ በድራማ ይጀምራል፤ ስልክ ይጮኻል፣ ሁለት ሰው ይጣላል፣ በር ይዘጋል፣ ከዚያ ዘፈን።

ሕጉ የተቀየረባትን ቅጽበት ያዟት። በጆሮ ነው የምትያዘው። ያ በግማሽ ደቂቃ የተቀረጸው የክፍል ዝምታ፣ ኮቴው፣ የሲኒው ድምፅ ቀስ ብሎ ይጠፋል።

ባለፈው ሳምንት እናቴን ከሁለቱ ሳህኖች ጋር ድራማዋ ፊት አስቀመጥኳት። እሷ ነገር አትንቅም፤ መነጽሯን አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አንድ በአንድ ስታሻግር ቆየች። ከዚያ በድራማው ልጅቷ ለአባቷ ለወራት የደበቀችውን ልትናገር በሩን ከፈተች። እማዬ እጅ ላይ አንዲት ቆሎ በሁለቱ ሳህኖች መካከል ቆመች።

«ስንት ደረስሽ፣ እማዬ?» አልኳት።

«ዝም በይ» አለችኝ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «ልትነግረው ነው።»